እጄን የት ላድርገው?

አንዲት እህት የሚከተለውን ጽፋልኛለች። ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።

«28 ዓመቴ ነው፤ ሜክሲኮ አካባቢ ባንክ ውስጥ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ቸርች ውስጥ ነው ያደግሁት። ዝማሬ ሲጀመር አጠገቤ ያሉት ሁሉ ጭልጥ ብለው ይሄዳሉ። እኔ ግን እጄን እንኳ የት እንደማደርገው ይጠፋኛል። ካነሳሁ ‹አስመሳይ› የሚሉኝ ይመስለኛል፤ ካላነሳሁ ‹ቀዝቅዛለች› የሚሉኝ ይመስለኛል። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ካሜራው መጥቶ ፊቴን ትልቁ ስክሪን ላይ አወጣው። እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ዝማሬ ሲጀመር ዓይኔ የሚፈልገው ካሜራውን ነው። በሕይወቴ ራሴን የረሳሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት አዳር ጸሎት ላይ። ያንን ቀን ለመመለስ ያልሞከርኩት የለም። እምቢ አለኝ። ችግሩ መንፈሳዊ ነው ወይስ የሥነ ልቦና? ደግሞስ ዓይኔን ጨፍኜ ልዘምር ወይስ ገልጬ?»

እህቴ፣ ምክሬን በምን ሚዛን እንደምትቀበዪው እንድታውቂ መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው፤ እሑድ ጠዋት መስኮት ከከፈትኩ የቅዳሴው ድምፅና የታክሲ ረዳቱ ጩኸት ተደባልቀው ይገባሉ። ያደግሁት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ ከበሮ መቺ ነበርኩ። አንቺ ደግሞ የወንጌላውያን ልጅ ነሽ። ስለዚህ የእግዚአብሔርን ወገን ለፓስተርሽ ትቼ የሰውን ወገን ብቻ ልናገር። ዝማሬ መሃል እጅሽ የት እንዳለ ማሰብሽ ግን በእኔ በኩል በሽታ አይባልም። ኃጢአት ነው የሚል ፓስተርም የምታገኚ አይመስለኝም።

የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። «የሚሉኝ ይመስለኛል» የምትለው ሐረግ ሁለት ጊዜ አለች። አማርኛ ለዚህች ነገር የራሱ ቃል አለው፤ ይሉኝታ። ቃሉ የተሠራው «ይሉኛል» ከሚለው ነው። ማን ነው የሚለው? አይታወቅም። «እነሱ» ናቸው። ደግሞ ይሉኝታ እኛ ዘንድ እንደ ጌጥ ነው። «ይሉኝታ ቢስ» ከማለት የከፋ ስድብ ብዙ የለም። ሰው ቤት ሄደሽ ምግብ ሲቀርብ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ማለት የለመድሽው ቁመትሽ ገና ገበታ ላይ ሳይደርስ ነው። ወጡ ቢሸትሽም ሁለቴ ሳትለመኚ እጅሽን አትዘረጊም። እንዲህ ሆነሽ 28 ዓመት ኖረሽ፣ እሑድ ጠዋት አምልኮ መሪው ማይክ ይዞ «ሰውን እርሱት! ነፃ ሁኑ!» ይልሻል። እሱስ መድረክ ለምዷል። አንቺ ግን ግራና ቀኝሽ የቆሙት ጋሼና እትዬ እያልሽ ያደግሽባቸው ሰዎች ናቸው። ይሉኝታ በአንድ መዝሙር ርዝመት የሚወልቅ ልብስ አይደለም።

በእኛ ሙያ ይህ ጉዳይ ከተጠና ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሼሊ ዱቫልና ሮበርት ዊክለንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሐሳብ እስካሁን ያገለግለኛል። ትኩረትሽን እንደ ባትሪ አስቢው። ወይ ወደ ውጭ ታበሪዋለሽ፣ ወይ ወደ ራስሽ ታዞሪዋለሽ። ወደ ራስሽ ሲዞር ግን ዝም ብሎ አያይም፤ ያስተያያል። «እንዲህ መሆን ነበረብኝ» ከሚል መለኪያ ጋር እያስተያየ ጉድለት ይቆጥራል። በዚህ መስክ በተደረጉ ሙከራዎች ሰውን ወደ ራሱ ለማዞር ምን እንደተጠቀሙ ታውቂያለሽ? መስታወትና ካሜራ። ሌላ ተአምር አላስፈለጋቸውም። ቸርችሽ ሳያስበው የላብራቶሪ ዕቃ ተክሎብሻል ማለት ነው።

እንግዲህ ከቀላሉ እንጀምር። ሚዲያ ክፍል ያሉትን ልጆች አናግሪያቸው። «እባካችሁ ፊቴን አታውጡት» ማለት መብትሽ ነው። ይህን ለማለት ይሉኝታ ከያዘሽ (ሊይዝሽ ይችላል!) ካሜራው የማይደርስበት ቦታ ፈልጊ። ከምሰሶ ጀርባ፣ ወይም ካሜራው ራሱ ከቆመበት ስር። ይህ መሸሽ አይደለም ወይ ትዪ ይሆናል። ለጊዜው ሽሺ። ዳዊትም በታቦቱ ፊት ሲዘል ሜልኮል በመስኮት ሆና አይታ ናቀችው፤ እሱ ግን ሲዘል መስኮቱን እያየ አልነበረም።

ስለ ስክሪኗ ቀን ሌላም ልጨምር። ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን የባሪ ማኒሎው ፎቶ ያለበት ቲሸርት አለበሷቸው። ማኒሎው ዘፋኝ ነው፤ የዚያን ጊዜ ተማሪ ደረቱ ላይ ለጥፎት ቢታይ የሚያፍርበት ዓይነት። ከዚያ ሌሎች ተማሪዎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። «ስንቱ ሰው ያየህ ይመስልሃል?» ሲባሉ ግማሽ ያህሉ እንዳየ ገመቱ። በቲሸርቱ ላይ ማን እንዳለ ያስተዋለው ግን ከአራት አንዱ ገደማ ነበር። ማንም አላየሽም እያልኩሽ አይደለም። ፊትሽ ቁመተ ሰው አክሎ ስክሪን ላይ ከወጣ አይተውሻል። ግን ከፕሮግራሙ በኋላ ማኪያቶ ስትጠጡ ስንት ሰው አነሳብሽ? ካነሳም አንድ ጓደኛሽ ናት፤ እሷም «አምሮብሻል» ብላሽ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «ያልሞከርኩት የለም» ብለሻል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

አማርኛችን ይህንን ከእኛ ሙያ ቀድሞ ያወቀ ይመስለኛል። በዜማ ራሱን የረሳ ሰው ምን ሆነ ይባላል? ተመሰጠ። የግዕዙ ሥር «መሠጠ» ነው፤ ነጠቀ ማለት። ጳውሎስ የሚነግረን ሰውም እስከ ሦስተኛው ሰማይ «ተነጠቀ» እንጂ «ሄደ» አልተባለም። በሁለቱም ግሶች ሰውየው አድራጊ ሳይሆን ተደራጊ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ሁላችንም የምንለውን ስሚ፦ «እንቅልፍ ወሰደኝ።» ወሰደኝ! እኔ ሄጄ አላመጣሁትም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ «አሁን ልተኛ፣ አሁን ልተኛ፣ ነገ ሥራ አለ» ብለሽ ከራስሽ ጋር ታግለሽ ታውቂያለሽ? ጎህ ይቀዳል እንጂ እንቅልፍ አይመጣም። ራስን መርሳትም እንዲሁ ነው። «ረሳሁ እንዴ?» ብለሽ ዞር ባልሽ ቁጥር የምታዪው ራስሽን ነው። ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሙከራ ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» አላቸው፤ ድቡ ከሐሳባቸው አልወጣ አለ። «ስለ ራሴ አላስብም» ማለት ደግሞ ይብሳል፤ ድቧ አንቺው ነሽ።

ስለ ተመስጦ ከተነሳ የቅዱስ ያሬድን ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። በየትኛውም ቸርች ብታድጊ ታሪኩን ሳትሰሚው አልቀረሽም። ስድስተኛው ክፍለ ዘመን፣ አክሱም። ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ይዘምራል። ንጉሡ ጦሩን ተመርኩዞ ያዳምጣል። ሳያውቀው የጦሩ ጫፍ ያሬድ እግር ላይ ተተክሏል። ደም ይፈሳል። ዜማው እስኪያልቅ ለያሬድ አልተሰማውም፤ ትውፊቱ እንዲህ ይላል።

ይህ ሲተረክ ሁሉም የሚያደንቀው የያሬድን እግር ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ንጉሡ ነው። ንጉሡ አልዘመረም። አላሸበሸበም፣ አላጨበጨበም። ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። ግን እሱም ጦሩ የት እንደገባ አላወቀም። ዳር ቆሞ ያየ ሰው ቢኖር «ያሬድ ተመስጧል፤ ንጉሡ ግን ቀዝቅዟል» ባለ ነበር። ሐናም በቤተ መቅደስ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሏታል። ካህን ሆኖ ተሳሳተ። ከራስሽ ቸርች ታሪክም ልጥቀስልሽ። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን ቸርቾች ተዘግተው ሰዉ በየቤቱ ተደብቆ ሲሰበሰብ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚዘምረው። ያንን ዘመን ያዩ አረጋውያን ቸርችሽ ውስጥ አይጠፉም። አንድ ቀን ጠጋ ብለሽ ጠይቂያቸው። ሳውንድ ሲስተም የለ፣ ጭስ የሚለቅ ማሽን የለ፣ እልልታ የለ። ቀዝቅዘው ነበር የሚል አለ?

አንቺስ «ጭልጥ ብለው ይሄዳሉ» ያልሽው በምን አውቀሽ ነው? ከውጭ አይተሽ ነው። እጁን እስከ ጣሪያ ያነሳው ሰውዬ ምሳ ምን እንደሚበላ እያሰበ ሊሆን ይችላል። ጥግ ላይ አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡት እናት ደግሞ እዚያ የሉም ይሆናል።

አንጎል ውስጥ ምን እንደሚሆን ለማየት የሞከሩም አሉ፤ ቶሎ ልለፈው። ቻርልስ ሊምና አለን ብራውን እ.ኤ.አ. በ2008 ስድስት የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቾችን ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ኪቦርድ አስያዟቸው። ያጠኑትን ሳይሆን በቅጽበት የፈጠሩትን ሲጫወቱ፣ ከግንባር በኩል ያለው፣ ራስን የሚቆጣጠረውና የሚያርመው የአንጎል ክፍል ሥራ ቀነሰ። ዘበኛው አሸለበ እንበል። አንድሩ ኒውበርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በልሳን የሚጸልዩ አምስት ሴቶችን አጥንቷል። ያወዳደረው ከምን ጋር መሰለሽ? ከዝማሬ ጋር። በልሳኑ ጊዜ የፊተኛው አንጎል ሥራ ከዝማሬው ጊዜ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አምስት ሰው አምስት ሰው ነው፤ ቤት አልሠራበትም። ግን ለአንቺ ጥያቄ የምትጠቅም አንዲት ነገር አለችው። እነዚያው ሴቶች ሲዘምሩ ዘበኛቸው ይበልጥ ንቁ ነበር። መዝሙር ግጥም አለው፣ መግቢያ አለው፣ አዝማች አለው። ጨርሶ የጠፋ ሰው አዝማቹ ላይ በሰዓቱ አይገባም። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ ካልጠፋሁ አልዘመርኩም» የሚለውን ሐሳብ ተይው።

የእኔን ከበሮ ልንገርሽ። 15 ዓመቴ ነው፤ የገና ሌሊት። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወረብ ያቀርባል። ከበሮው አንገቴ ላይ ነው። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶች ወገን ቆማለች። ከእሷ ትንሽ ራቅ ብላ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ካየኋት ቀን ጀምሮ መንገድ የምቀይርላት ልጅ አለች። እሷን ሳያት እጄን አየሁት። ቀኙ መቼ እንደሚወርድ፣ ግራው መቼ እንደሚከተል ማሰብ ጀመርኩ። ለሦስት ወር ሳላስበው የመታሁትን! ምቱ ጠፋኝ። ከበሮው ወዲህ፣ ጸናጽሉ ወዲያ። ጎኔ ያለው ልጅ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ ባሰብኝ። ጆሮዬ ጋለ።

መሪጌታው ዜማውን ሳያቋርጡ ቀስ ብለው መጡ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እጅህን ተወው። የእኔን እግር እይ» አሉኝ። አየሁ። ግራጫ ካልሲ ነው፤ የቀኙ አውራ ጣት ላይ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ካልሲው ምንጣፉ ላይ ሲያርፍ መታሁ። ሲያርፍ መታሁ። ሲያርፍ መታሁ። መቼ እንደተስተካከለ አላውቅም። ቀና ስል እልልታው ቀልጧል። ልጅቷም ወደ ቤቷ ሄዳለች።

ከዓመታት በኋላ የጋብሪዬለ ቩልፍን ሥራ ሳነብ እኚህ መሪጌታ ትዝ አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመችው ጥናት ሰዎችን በበረዶ ሸርተቴ መለማመጃ ማሽን ላይ አቆመች። አንዱን ቡድን እግራችሁ ላይ አተኩሩ አለች፤ ሌላውን ከእግራችሁ በታች ያሉት የማሽኑ ጎማዎች ላይ። ጎማዎቹን ያሰቡት ይበልጥ ቻሉበት። ልዩነቱ የስንዝር ያህል ነው። ትኩረት ከሰውነት ያቺን ያህል ራቅ ሲልለት ሰውነት ሥራውን ያውቃል።

ስለዚህ ዘበኛውን ለማባረር አትታገዪ። ሥራ ስጪው። አንድ ድምፅ ምረጪ። ቤዝ ጊታሩ ይሁን፣ ሁለተኛውን ድምፅ የምትይዘው የኳየሯ ልጅ ትሁን፣ ከኋላሽ ያሉት አዛውንት ሻካራ ድምፅ ይሁን። እሱን ተከተዪው። እሱ ካልሆነልሽ ትንፋሽ አለ። በስዊድን ጎተንበርግ ቢዮርን ቪክሆፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ አብረው የሚዘምሩ ሰዎች የልብ ምት አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። መዝሙሩ የት እንደሚተነፈስ ይወስናል፤ ልብ ደግሞ ትንፋሽን ይከተላል። ስንኙ ሲያልቅ ሁሉም ሰው አየር የሚስብበትን ቅጽበት አዳምጪ። በደንብ ካዳመጥሽ ይሰማል። አብረሻቸው ሳቢ። ዘበኛው መሃል ላይ ተነስቶ «እጅሽስ?» ካለሽ አትከራከሪው። «መጣህ?» በዪውና ወደ ትንፋሹ ተመለሺ። በአንድ መዝሙር ውስጥ ሃያ ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ይምጣ።

እጅሽን በተመለከተ፦ ማኅሌት የቆመ ሰው «እጄን የት ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። አንዱ እጁ መቋሚያ ይዟል፣ ሌላው ጸናጽል። ዝማሜ ላይ መቋሚያው በዝግታ ይወዛወዛል፤ ከበሮውና ጭብጨባው የሚጋለው ቆይቶ ነው። አባቶች ባዶ እጅ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያወቁ ይመስለኛል። የከበሮ መቺ ግምት ነው ብለሽ ውሰጂው። እናንተ ጋ መቋሚያ የለም፤ ጭብጨባ ግን አለ። ፈጠን ባለው ላይ አጨብጭቢ። ዝግ ባለው ላይ ከፊትሽ ያለውን ወንበር ጀርባ ያዢ። እጅሽ አንድ ቀን ራሱ መነሳት ካማረው ይነሳ፤ አንቺ አታንሺው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ወር መጨረሻ ላይ ሒሳብ ስትዘጉ፣ ያ ልዩነት አልገጥም ብሎ፣ አንቺ ደረሰኝ በደረሰኝ ስትፈልጊ ምሳ ሰዓት አልፎብሽ አያውቅም? ሰው ጠርቶሽ ሳትሰሚ ቀርተሽ አታውቂም? ካወቅሽ ራስሽን መርሳት ትችያለሽ። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ዕድሜውን ያጠናው ይህንን ነው። ሰው ምን እንደሚፈልግ በግልጽ ሲያውቅ፣ እየሠራ መሆን አለመሆኑ ወዲያው ሲታየው፣ ሥራውም ከችሎታው ጋር ሲመጣጠን ራሱን ማየት ይተዋል። ደረሰኝ ፍለጋ ሦስቱም አሉት። ዝማሬሽ ላይ ግን የሰጠሽው ሥራ «ተመሰጪ» የሚል ነው። እሱ ሥራ አይሆንም። «ይህን ስንኝ ከእነዚህ ሰዎች ጋር አንድ ላይ ልጨርስ» የሚለው ይሆናል።

ተፈጥሮም እንዳለበት አልደብቅሽም። ፊልም ሲያይ በስሙ ቢጠሩት የማይሰማ ሰው አለ፤ ሌላው ፊልሙን እያየ ወጥ እንዳያርር ያሸታል። ኦክ ቴሌገንና ጊልበርት አትኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ይህንን ዝንባሌ የሚለኩ 34 ጥያቄዎች አውጥተዋል። አንትሮፖሎጂስቷ ታንያ ሉርማን ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በወንጌላውያን ቸርቾች ስታጠና፣ በእነዚህ ጥያቄዎች ከፍ ያለ ውጤት ያመጡ ሰዎች በጸሎት ጊዜ ብርቱ ነገር እንደሚሰማቸው ይበልጥ ሲናገሩ አገኘች። ልምምድም እንደሚጨምረው አይታለች። አንቺ ወጡን ከሚያሸቱት ልትሆኚ ትችያለሽ። ያላንቺ ወጡ ያር ነበር።

ያቺ አዳር ላይ ምን እንደነበረ መለስ ብለሽ አስቢ። ሌሊት ነው፣ ደክሞሻል። ሰዉ ከእሑዱ ያነሰ ነው። በዚያ ሰዓት ፊትሽን የሚያሳድድ ካሜራ ያለ አይመስለኝም። አንዱን አዝማች ደጋግማችሁ ሳትዘምሩትም አልቀራችሁም። ከሁሉ በላይ ግን ምንም አልጠበቅሽም ነበር። አሁን እሑድ በመጣ ቁጥር ከእሷ ጋር ታስተያዪዋለሽ። ዱቫልና ዊክለንድ ያሉት መለኪያ እሷ ሆናለች። ለአንድ ወር አንድ ነገር ተይልኝ፦ ታክሲ ውስጥ ሆነሽ «ዛሬስ እንዴት ነበርኩ?» እያልሽ ለራስሽ ማርክ መስጠትን።

በሳምንቱ መሃል ደግሞ ግጥሞቹን በቃልሽ ያዢ። ከስክሪን እያነበበ የሚዘምር ሰው ሐሳቡ ለሁለት ይከፈላል። ኳየር ውስጥ ጓደኛ ካለሽ ቅዳሜ ደውለሽ የእሑዱን መዝሙሮች ጠይቂያት። ሽሮ እያማሰልሽ ዘምሪያቸው። ኩሽና ውስጥ ብቻሽን ስትሆኚ ድምፅሽ እንዴት እንደሚወጣ አስተውለሻል? ወንድምሽ ውኃ ሊጠጣ ሲገባ ግማሽ ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲገባ አትቀንሺው። እሱ ፍሪጁን ከፍቶ፣ ቀድቶ፣ ጠጥቶ እስኪወጣ ያንኑ አዝማች በዚያው ድምፅ ጨርሺው። መጀመሪያ ታፍሪበታለሽ። በሦስተኛው ሳምንት እሱም ይለምደዋል። ከኩሽና ወደ ቸርች ያለው መንገድ ከሚመስልሽ ያጠረ ነው።

መንፈሳዊ ነው ወይ ላልሽው አንድ ነገር ልጨምር። ሙዚቃና ሕዝብ አንድ ላይ ሲሆኑ ሰው ከራሱ መውጣቱ የቸርች ብቻ አይደለም። ሠርግ ላይ ይሆናል፣ ስታዲየም ይሆናል፣ ጥምቀት ጃን ሜዳ ወጣቱ ሆ ሲል ይሆናል። የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ኤሚል ዱርኬም ገና እ.ኤ.አ. በ1912 ጽፎበታል። ኳስ ላይም የሚመጣ ነገር ቸርች ውስጥ ስላልመጣልሽ እምነትሽ ጎድሏል ማለት አልችልም።

እንዲያውም ዘበኛሽ ንቁ መሆኑን የምወድለት ቦታ አለ። ዝማሬው ግሎ፣ ኪቦርዱ ከስር እያለቃቀሰ፣ ስክሪኑ ላይ የቴሌብር ቁጥር ወጥቶ «አሁኑኑ ታዘዙ!» ሲባል ስልክሽን ከቦርሳሽ አታውጪ። መስጠት መልካም ነው። ማክሰኞ ማታ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ስጪ። ሥራ የመልቀቅ፣ ዕቃ የመሸጥ፣ «እግዚአብሔር እሱን አግቢ ብሎኛል» የመባባልም ጉዳይ እንደዚያው ማክሰኞን ይጠብቅ። ይህን ስል ቅር የሚላቸው እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ ግን ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ መጥተው የሚያለቅሱትን ነው የማገኘው።

ይሉኝታው ከቸርች በር ውጭም የሚከተልሽ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ስብሰባ ላይ መናገር፣ ሰው ፊት መብላት፣ የማታውቂውን ስልክ ማንሳት ከቀናት በፊት ጀምሮ እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ማኅበራዊ ጭንቀት የምንለው ሊሆን ይችላል። ዴቪድ ክላርክና ኤድሪያን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳስረዱት እንዲህ ያለ ሰው ራሱን በሌላ ሰው ዓይን የሚያይበት ሥዕል በውስጡ ይዞ ይዞራል፤ ሥዕሉም ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። በንግግር ሕክምና ሊስተካከል ይችላል። አማኑኤል ወይም ዘውዲቱ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄደሽ ጠይቂ። ከጻፍሽልኝ ግን ቸርች ላይ ብቻ ያለ ይመስላል።

የቀረው ዓይንሽ ነው። ግጥሙን በቃልሽ እስክትይዢው ድረስ ገልጠሽ ዘምሪ። ከያዝሽው በኋላ ልትጨፍኚ ትችያለሽ። ስትጨፍኚ የሚመጣብሽ ያ የስክሪኑ ፊትሽ ከሆነ ግን ወዲያው ግለጪና ከፊትሽ የቆመውን ሰው ኮሌታ እዪ። ስፌቱን እዪው። የታጠፈበትን፣ ያልተተኮሰበትን። እየዘመርሽ።